ከካቡ ውጭ የቀሩ ጫማዎች

ኡበይደላን የሚያውቀው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የተዋወቀው በጫማ ነው። ከውርጌሳ አስፋልቱን ትቶ ወደ ምዕራብ ዳገቱን የተያያዘ ሰው፣ ላቡ ጀርባውን ማራስ ሲጀምር ሰው ለዚያራ፣ ቀብራቸውን ሊሳለም የሚመጣበትን የሸህ ሙዘይን ጫካ ጫፍ ይደርሳል። እዚያ አሮጌ የድንጋይ ካብ አለ። ካቡ አንድ ቦታ ላይ ሰው በሚያሳልፍ ልክ ክፍት ነው፤ ከክፍቱ ፊት ለፊት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፏል። ድንጋዩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ቀጭን ሽማግሌ ፊትህን ከማየቱ በፊት እግርህን ያያል።

«ጫማ» ይላል። ሰላምታው የሚመጣው ጫማው ከወለቀ በኋላ ነው። ያኔ ግን የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደህንነት ሳይጠይቅ አይለቅም።

እንዲህ ያለ ሰው ነገረኛ ይባላል፤ ኡበይደላም ተብሏል። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ ሹም፣ «እኔ በመንግሥት ሥራ ላይ ነኝ፤ ጫማዬን የማወልቅበት ምክንያት የለም» ብሎ ቡራ ከረዩ አለ። ኡበይደላ አልተከራከረውም። ከበርጩማው ተነሳና ክፍቱ ላይ አግድም ተጋደመ። ሹሙ ዙሪያውን የቆመውን ሰው ቃኘ፤ ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ ለወሬ እንደማይመች ገባውና እየተነጫነጨ ጫማውን አወለቀ። ለካስ ካልሲው ተቀዶ ኖሮ አውራ ጣቱ ብቅ አለ። ኡበይደላ ጣቱን ትክ ብሎ አይቶ፣ «ማሻአላህ፣ እሱም ዚያራ አምሮት ነበር» አለ። ሹሙ ሳይወድ በግድ ሳቀ።

ጫካው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሁሉ ጣጣ የሚያስረሳ ቦታ ነው። ዙሪያው ያለው ተራራ እስከ አናቱ ታርሶ ራቁቱን ቀርቷል፤ ጫካው ብቻ በተላጨ ራስ ላይ እንደተተወ ቁንጮ ቆሟል። ወይራው፣ ጥዱና ዋርካው ተቃቅፈው ከሥራቸው ያለውን ቀን ያጨልሙታል። ውስጡ ቀጫጭን መንገዶች አሉ፤ አንዳንዱን ለዚያራ የሚመጣው ሰው በባዶ እግሩ የጠረገው ነው፣ አንዳንዱን ድኩላ። የቱ የማን እንደሆነ እንግዳ ሰው አይለየውም። ድኩላዋ ሰው ስታይ አትሮጥም ነበር፤ ቀና ብላ አይታህ ቅጠሏን ማላመጥ ትቀጥላለች። ጦጣው ግን ባለጌ ነው፤ የተዘናጋ ሰው ከእጁ ቂጣ ይነጠቃል።

ከጫካው መሀል ጣሪያው ከወደቀ ዘመን ያስቆጠረ መስጊድ አለ። ግድግዳው ያለ ጭቃ የተነባበረ ጥርብ ድንጋይ ነው። ኢማሙ ይቆምበት የነበረው ጎድጓዳ አሁንም አልፈረሰም፤ የዋርካ ሥር ጥርቅም አድርጎ ይዞታል፤ ይደግፈው ይሁን ይገፋው አይታወቅም። ማን እንደሠራው በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። የአገሩ ሰው ሸሁ ናቸው ይላል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ፈንታው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹን አስከትሎ ወፍና ፍርስራሽ ሊያሳያቸው የሚመጣው፣ ከሸሁም በፊት የነበረ ሳይሆን አይቀርም ይላል። ኡበይደላ ለሁለቱም ራሱን ይነቀንቃል። ለሱ ማን ሠራው ሳይሆን ማን ጠበቀው ነው ቁም ነገሩ።

የጠበቁት ደግሞ የሱ ዘሮች ናቸው። ኡበይደላ የቦታው ካድም ነው፤ አገልጋይ ማለት ነው። አባቱም ካድም ነበሩ፣ የአባቱም አባት። ሕጉን ከነሱ ተቀበለ፤ ብረት አይገባም፣ ቅጠል አይቀነጠስም፣ ነፍስ ያለው አይነካም፣ ጫማ ከካቡ አያልፍም። ይህን ያከበረ ሰው በሸሁ አማና፣ በጥበቃቸው ውስጥ ነው፤ እሱም፣ ድንጋዩ ላይ የተወው ንብረቱም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰው እንጨት እየሸጠ ነፍሱን ሲያቆይ አባቱ አንዲት ቅርንጫፍ አልሰበሩም። ልጆች ቀበሩ፤ ጫካውን ግን አልነኩም። ያኔ ጎረምሳ የነበረው ኡበይደላ በአባቱ ላይ በሆዱ ቂም ይዞ ነበር። በኋላ ግን የአገሩ ምንጭ ሁሉ ሲነጥፍ ከጫካው ሥር ያለችው ብቻ ሳትደርቅ መንደሩን ሁሉ አጠጣች። ከዚያ ወዲህ ሕጉን የተጠራጠረበት ቀን አልነበረም። እንዲያውም ከአባቱ የባሰ ድርቅ ያለ ሆነ።

ለእንግዳ ሁሉ የሚናገራት አንዲት ኩራት ነበረችው። «ከዚህ ድንጋይ ላይ ጫማ ጠፍቶ አያውቅም» ይላል ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ጅብ ቆዳ ሲያገኝ የሚተው ፍጥረት ነው? አይደለም። እዚህ ግን ወላሂ ጅብ እንኳ ነክቶ አያውቅም!» ፈንታው ይህችን ንግግር በቃሉ ይዟታል። ከሽማግሌው ጀርባ ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮ ሲላት ተማሪዎቹ ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸዋል። ኡበይደላም ያውቅበታል፤ ሳይዞር፣ «መምህር፣ ጅቡን ረሳኸው» ይለዋል።

ኡበይደላና ሚስቱ ቶይባ ልጅ አልበረከተላቸውም ነበር። ቶይባ የወለደቻቸውን ገና ዳዴ ሳይሉ እየቀበረች ኖረች። በመጨረሻ ጫካው ገብታ፣ ከሸሁ ቀብር አጠገብ ተቀምጣ፣ ምድሪቱን በእንባዋ አርሳ ተሳለች። ዓሪፍ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ አደገም። ኡበይደላ ልጁን ባየ ቁጥር የሚያየው ልጅ ብቻ አልነበረም፤ ይህ ቦታ ቃሉን እንደሚጠብቅ ማረጋገጫው ነበር።

ዓሪፍ ራሱ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ተሸክሞ የሚዞር ልጅ አይመስልም። ሳቂታ ነው፤ ዘፈን ይወዳል። ሲሪንቃ የእርሻ ምርምሩ ማሳ ላይ ወፍ ጠባቂ ሆኖ ተቀጥሮ፣ ማሽላው ዘለላ ሲይዝ ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍ ሲያባርር ይውል ነበር። «አባቴ ወፍ እንዳትነኩ ይላል፣ እኔ በወፍ ማባረር እበላለሁ» እያለ ይቀልዳል። ደሞዝ በተቀበለ በመጀመሪያው ጊዜ ከመርሳ ገበያ ነጭ ስኒከር ገዛ። ነጭ! በዚያ ጭቃ አገር! ማታ ማታ በጥርስ ብሩሽ እየፈተገ ያጸዳታል። አባቱ ሲያየው፣ «ይቺን ጫማ ልታደርጋት ነው የገዛሃት ወይስ ልታሳድጋት?» ይለዋል። ዓሪፍ ለጁምዓ መጥቶ ጫካው ሲገባ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ከጥቋቁሮቹ የጎማ ጫማዎች መሀል ያቺ ነጭ ጫማ ከማዶ ዳገት ሳይቀር ትታይ ነበር።

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ክረምት ጦርነቱ ከወልድያ በኩል መጣ። መጀመሪያ ሰው ነጎድጓድ መስሎት ነበር። ከዚያ አስፋልቱ በሰው ተሞላ፤ ፍራሽ የተሸከመው፣ እናቱን ያዘለው፣ ፍየል የሚጎትተው፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ ወደ ደሴ ይጎርፋል። መርሳ በሯን ሳትዘጋ ባዶዋን ቀረች ተባለ። ዓሪፍ ከሲሪንቃ አስፋልቱን ሸሽቶ፣ በየማሳው አቆራርጦ ቤቱ ደረሰ። ቶይባ አንገቱን አቅፋ ስማው ሳትጨርስ ወደ ባሏ ዞረች።

«የጎረቤቶቻችን ልጆች አሁን እየወጡ ነው። አብሯቸው ደሴ ይሂድ» አለች።

«ደሴ ማን አለው?»

«ሰው ባይኖረው ነፍሱ ትኖረዋለች። በየቤቱ እየገቡ ጎረምሳ እየለቀሙ ነው። አንዱን ሚሊሻ ነህ ይሉታል፣ አንዱን ጥይት ያሸክሙታል። የሄደ አልተመለሰም። አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ለዚያ ነው ጫካው የሚገባው» አለ ኡበይደላ። «አላህ በሸሁ ደጅ የሰጠኝን ልጅ በሸሁ ደጅ ይጠብቅልኛል። ከዚያ የሚሻል ቦታ በዓለም ላይ ካለ ንገሪኝ።»

ስለቱን የተሳለችው ቶይባ ናት። ዓሪፍ እናቱን ትከሻዋን ይዞ፣ «አብሽሪ እማዬ፣ እዚያ ጦጣው ነው የሚያስቸግረኝ» አላት። ልትስቅለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

በማግስቱ ፈንታው መጣ። ከወልድያ በእግሩ ወጥቶ፣ አንድ ጫማው አፉን ከፍቶ በሲባጎ አስሮት፣ ፊቱ በአንድ ሳምንት ያረጀ መስሎ ነበር። መንገዱ ከፊቱ ስለተዘጋ የሚያውቀው መሸሸጊያ ይህ ጫካ ብቻ ሆነበት። የጎረቤት ልጅ ሰይፈዲንም ደሴ ከሚሄዱት ተነጥሎ ተመልሶ ነበርና ሦስቱ አንድ ላይ ካቡ ጋ ደረሱ። ኡበይደላ በርጩማው ላይ ነበር።

«ጫማ» አለ።

ዓሪፍና ሰይፈዲን ማውለቅ ጀመሩ። ፈንታውም አወለቀ፤ ግን ድንጋዩ ላይ አላኖረውም፤ በእጁ አንጠለጠለው።

«ጋሽ ኡበይደላ፣ አይቀየሙኝ» አለ። «ጫማችንን ይዘን እንግባ። እዚህ ከቀረ ውስጥ ሰው እንዳለ ይናገራል።»

«በእግርም በእጅም ጫማ ጫማ ነው።»

«ጊዜው እኮ እንደ ድሮው አይደለም።»

«ይህ ካብ ስንት ጊዜ ያየ ይመስልሃል?» ኡበይደላ ቆጣ አለ። «አንተ የክርስቲያን ልጅ ሆነህ እስከ ዛሬ አክብረህ ገብተሃል። እኔም ስለዚህ እወድሃለሁ። ዛሬ ሲጨንቅህ ነው ሕጉ የሚፈርሰው? ሲጨንቅ ያልጠቀመ ሕግ መች ሊጠቅም ነው?»

ፈንታው አፈረ። የሰው ደጅ የለመነ ሰው ነው፤ በሰው ደጅ ላይ ደግሞ ምን ይላል። ዓሪፍ ሳቀና፣ «ተወው መምህር፣ ከተወለድኩ ጀምሮ ስከራከረው አንድ ቀን አሸንፌው አላውቅም» አለው። ነጩን ጫማ ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ አስቀመጠው። ፈንታውም በሲባጎ የታሰረውን አጠገቡ አኖረ።

የገቡት ፍርስራሹ መስጊድ ውስጥ ነው። ከዋርካው ሥር ቅጠል ጎዝጉዘው ይተኙ ነበር፤ እሱም የረገፈ ቅጠል ብቻ ነው። ቀኑ ረጅም ነበር። ከታች ከአስፋልቱ በኩል ተኩሱ ሲንጣጣ ይቆይና ድንገት ፀጥ ይላል። ዓሪፍ ወፎቹን በድምፃቸው እየለየ ስማቸውን ለፈንታው ይነግረዋል፤ ፈንታው የድንጋዩን ሽበት የመሰለ ሻጋታ በጣቱ እየፋቀ የጥንት ጠራቢዎች ምልክት ያሳየዋል። አንዳንዴ ድኩላዋ እስከ ግድግዳው ጫፍ መጥታ ሦስቱ ቁጢጥ ብለው ሲያዩዋት ታያቸዋለች። ዓሪፍ፣ ይህ ነገር ሲያልፍ ተምሬ እንዳንተ እሆናለሁ አለ። ፈንታው፣ እኔማ ይህ ሲያልፍ እንዳንተ ወፍ ጠባቂ ነው የምሆነው አለው።

ቶይባ ንፍሮና ቂጣ በሰፌድ ሸፍና፣ ለከብት ሣር የምታጭድ መስላ ትመጣ ነበር። በመጣች ቁጥር ዓይኗ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ኡበይደላ ለውዱእ ሊታጠብ ምንጩ ዘንድ ወርዶ ሲመለስ ድንጋዩን አጣው። ከካቡ ውጭ ከበቀለ ክትክታ ቅጠላማ ቅርንጫፍ ተቀንጥሶ ጫማዎቹ ላይ ተደራርቧል። እጅግ ደህና አድርጎ ተሸፍኗል፤ የማያውቅ ሰው ቁጥቋጦ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቶይባ ባዶ ሰፌዷን ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

«ይህን ማን አደረገ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቅጠል ቀንጥሰሽ?»

«ቀንጥሼ። ከካቡ ውጭ ያለውን ነው።»

«ሸሁን አላመንሻቸውም ማለት ነው።»

«ሸሁንማ አምናለሁ። ሰውን ነው የማላምነው» አለች።

ኡበይደላ ፊቱን አጠቆረ። ጎንበስ ብሎ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረ። ለሱ ይህ መሸፈኛ አልነበረም፤ ሸሁ ደጅ ላይ ቆሞ አላምንዎትም ብሎ መጮህ ነበር። አማናው የሚፈርሰው ሰው ሲጠራጠረው ነው ብሎ ያምን ነበርና፣ ልጁን የሚያድነው በዚህ መሰለው። የመጨረሻው ቅጠል ሲነሳ ነጩ ጫማ ፀሐይ አረፈበት።

«ኡበይ፣ አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አለች ቶይባ።

«እኔስ ስንት አለኝ?» አላት።

ሰፌዷን ብብቷ ሥር አድርጋ ቁልቁል ወረደች። ዞር ብላ አላየችውም።

ከዚያ ብዙም አልቆየም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ኡበይደላ ለዙሁር ሊሰግድ ምንጩ ዘንድ እግሩን ሲታጠብ የማያውቀው ድምፅ ሰማ። እጁ ውሃ እያንጠባጠበ ሽቅብ ሮጠ። ታጣቂዎች ጠፍጣፋውን ድንጋይ ከበው ቆመዋል። የየትኛው ወገን ነበሩ ተብሎ ሲጠየቅ ኡበይደላ እስከ ዛሬ፣ «ጫማ ያላወለቁ» ብቻ ነው የሚለው።

አንደኛው ነጩን ጫማ በጠመንጃው አፈሙዝ አንጠልጥሎታል። «አንተ ሽማግሌ፣ ይሄ የማነው?»

ኡበይደላ በዚያ ድንጋይ ላይ ዋሽቶ አያውቅም። «የኔ ነው» አለ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ይሄ ነጩም?»

«ነጩም።»

ሳቁ። «አድርገዋ እስቲ» አለው ሰውየው፤ ጫማውን ጭኑ ላይ ጣለለት።

ኡበይደላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ዕድሜ ልኩን ክፍት የጎማ ጫማ እንጂ የተደፈነ አድርጎ የማያውቅ እግር ነው፤ ጣቶቹ ተበታትነዋል፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። ጣቶቹን ሰብስቦ ከተታቸው። ተረከዙ ውጭ ቀረ። በአውራ ጣቱ ገፋው፤ የጫማውን ጀርባ ሳበው፤ ጥፍሩ ተቀልብሶ ደም እስኪወጣው ታገለ። ለዓመታት በሰው ጫማ ሲፈርድ የኖረ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ያ ጫማ እግሩ ውስጥ እንዲገባለት ብቻ አላህን ለመነ። ተረከዙ አልገባም። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሹ፣ ገና ጺም ያላበቀለው ልጅ፣ «አባባ፣ ይበቃል» አለው አንገቱን ደፍቶ።

«ሰዎቹ የት ናቸው?» አለ አለቃቸው።

«ሰው የለም።»

አልፈውት ወደ ክፍቱ ሄዱ። ኡበይደላ ጫማውን ድንጋዩ ላይ ጥሎ ተንደርድሮ ቀደማቸውና ያን ሹም እንዳደረገው ክፍቱ ላይ አግድም ተጋደመ። እነዚህ ግን ሹም አይደሉም። ደረቱን ረግጠው አለፉ፤ አንዱ በሰደፍ ፊቱን አለው። ያኔ ከአፉ የወጣው ጩኸት ሽሹ የሚል አልነበረም፣ የልጁ ስምም አልነበረም። «ጫማ!» ብሎ ጮኸ። «ጫማችሁን አውልቁ!»

ውስጥ ያሉት ሰሙ። ፈንታውና ሰይፈዲን በስተኋላ በተናደው ግድግዳ ወጥተው ወደ ገደሉ ተወርውረዋል፤ ዓሪፍም አብሯቸው እስከ ግድግዳው ደርሶ ነበር። ሁለተኛው የሰደፍ ምት ሲያርፍና የአባቱ ድምፅ ሲቆረጥ ግን ቆመ። ፈንታው ሸሚዙን ጨምድዶ ይዞት ነበር፤ አመለጠው። ዓሪፍ እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ በባዶ እግሩ፣ ድኩላ በጠረገው መንገድ ወደ ካቡ እየሮጠ መጣ። «አባቴን ተዉት! ጫማው የኔ ነው!» ይላል። «የኔ ነው! አባቴን ተዉት!»

ተኮሱበት። ኡበይደላ መሬት ላይ እንዳለ አየው፤ ምንም የጋረደው ነገር አልነበረም። ወፉ ሁሉ ካለበት ተነሳ። ድኩላዋ ቁጥቋጦውን እየጣሰች ጠፋች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ስታይ ትሮጣለች።

ታጣቂዎቹ ፍርስራሹን በርብረው ከጎዘጎዙት ቅጠል በቀር ምንም አላገኙም። ሲመለሱ ያ ትንሹ ልጅ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የራሱ ጫማ ጎኑ ተቦድሶ ጣቱ ይታይ ነበር። አወለቀውና ነጩን አደረገው። ልክ ሆነለት። ክሩን ሳይቸኩል አሰረ፣ ቆሞ መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረገ፣ ተከትሏቸው ወረደ። ያወለቀውን ቡትቶ ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ ትቶት ሄደ፤ እሱም የሆነ ቦታ እናት ያሳደገችው ልጅ ነበር። ከዚያ ድንጋይ ላይ ጫማ ሲጠፋ ያ የመጀመሪያው ነው።

ቶይባ ተኩሱን ሰምታ መጣች። መንደሩ ወንድ አልነበረውም፤ የቀሩት ሽማግሌዎች ተጠራርተው የጀናዛውን ሶላት ሰገዱ። ዶማውን ይዛ ከካቡ ያስገባችው ራሷ ናት። ብረት አይገባም የሚላት አልነበረም። ዓሪፍን ከጥንቱ ግድግዳ ሥር ቀበሩት። ከዚያ ቶይባ ያን የተቦደሰ ጫማ በእንጨት አንስታ ገደል ጣለችው፤ እጇንም በአፈር ደጋግማ ፈተገች።

ስለ ቅጠሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ኡበይደላ ጠበቃት። ቀን ጠበቃት፣ ወር ጠበቃት። ብትጮህበት፣ ብትረግመው፣ ፊቱን ብትቧጭረው ይመኝ ነበር። እሷ ግን ውሃ ትቀዳለች፣ እራቱን ታቀርባለች፣ ትሰግዳለች። አንድ ቀን አልቻለም።

«ተናገሪው» አላት።

«ምኑን?»

«ቅጠሉን።»

ቶይባ ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇ አላቆመም። «ምን ልበል?»

«ከሆድሽ ቢወጣልሽ።»

«ከኔ ወጥቶ ማን ውስጥ ሊገባ?» አለች።

ኡበይደላ ካቡ ጋ መቀመጥ ተወ። በርጩማው ዝናብ አበሰበሰው። ጦርነቱ ሄዶ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። የተራበ ሰው ከጫካው ጫፍ እንጨት እየቆረጠ ከሰል አከሰለ፤ መጥረቢያው እቤቱ ድረስ ይሰማው ነበር። አልወጣም። ሰዎች፣ ምነው ካድሙ ዝም አልክ ሲሉት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ጀርባቸውን ሲሰጡ ግን እግራቸውን ያያል፤ ያን ልማድ መተው አልቻለም።

ሰላም ሆነ ከተባለ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ፈንታው ደጁ ላይ ቆመ። በሸሸበት ገደል እግሩን እሾህ በልቶት አንካሳ ቢጤ ሆኗል። ከኋላው ተማሪዎች ተሰልፈዋል። ሁለቱ ሰዎች ተቃቅፈው ቆዩ።

«ያለ እርስዎ አንገባም» አለ ፈንታው በመጨረሻ።

ኡበይደላ ቤት ገብቶ ባዶ ማዳበሪያ ይዞ ወጣ። ቶይባ ይህን አየች፤ የውሃ ጀሪካኗን አንስታ ከኋላ ተከተለች።

ካቡ ጋ ሲደርሱ ተማሪዎቹ ከመምህራቸው የሰሙትን ያውቁ ነበርና ሳይታዘዙ አወለቁ። ጠፍጣፋው ድንጋይ በጫማ ተሞላ፤ ቀይ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ነጭም አለ። ኡበይደላ ነጩ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሁሉንም ማዳበሪያው ውስጥ ይከት ጀመር። አፉን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገና፣ እየከበደው፣ በክፍቱ አልፎ ገባ።

ሳሚራ የምትባል ተማሪ ግራ ገባት። «አባባ» አለችው፣ «ጫማ ከካቡ አያልፍም ብለው መምህራችን ነግረውን ነበር እኮ።»

«ጅብ ይወስደዋል» አለ ኡበይደላ።

ተማሪዎቹ ፈገግ አሉ። ያቺን ንግግር በቃሉ የያዛት ፈንታው ግን መሬት መሬት አየ።

ኡበይደላ ማዳበሪያውን ከካቡ ጀርባ፣ ወይራው ሥር አኖረው። እጁን ዘርግቶ ቅጠላማ ቅርንጫፍ ያዘ፤ ዕድሜ ልኩን ቀንጥሶ አያውቅምና ቶሎ አልተሰበረለትም። ሰበረው። ማዳበሪያውን አለበሰው። ሌላም ሰበረ። ቶይባ ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ ወደ ክፍቱ ተመለሰችና ከመንገድ የሚመጣ ሰው በሚቆምበት ቦታ ላይ ቆማ አየችው።

«በዚህ በኩል ይታያል» አለች፤ ተመልሳ መጥታም ከጎኑ አንድ ቅርንጫፍ ቀንጥሳ ጨመረችበት።